ሳምቡሳውን ሳይሆን ውሃውን ፍሩ



ከመቻራ ተነስተው ሐረርን ለሁለት ሦስት ቀን ለመጎብኘት ያሰቡ ባልና ሚስት ከዘመድ አዝማድ የሚሰሙት የመጀመሪያ ምክር «ከመንገድ ዳር ምንም እንዳትቀምሱ፤ ሆቴል ገብታችሁ ብሉ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ሐረር ድረስ ሄዶ ሳምቡሳ ሳይበሉ መመለስ ጀጎልን በውጭ ዞሮ እንደ መመለስ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክሩ አደጋውን ከሌለበት ቦታ ይፈልገዋል።

ተቅማጥና የምግብ መመረዝ የሚያስከትሉ ተሕዋስያን በአብዛኛው የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠበስበት ዘይት ግን ከ150 ዲግሪ በላይ ይግላል። በአንጻሩ በሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ የቀረበላችሁ ሰላጣ በምን ውሃ እንደታጠበ አይታችኋልን? ሩዙስ መቼ ተቀቀለ? የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝ በማቀዝቀዣ ወይም ሳይግል በእሳት ካልተያዘ ከሁለት ሰዓት ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። በመሆኑም በዓይናችሁ ፊት ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ ጓዳ ውስጥ ካደረ ወጥ ይሻላል። ዘይቱ የጠቆረና የሚያጨስ ከሆነ ግን እለፉት። ጠዋት ተጠብሶ የተቆለለውን ትታችሁ «እማ፣ አሁን የሚወጣውን ይስጡን» ማለት ነውር አይደለም፤ ሻጯም አትቀየምም።

ታዲያ አደጋው የት ነው? ሳምቡሳው የሚነከርበት ዳጣ፣ ሳህኑ የሚታጠብበት ባልዲ፣ ገንዘብ የሚቀበል እጅ፣ ክዳን የሌለው የመጠጥ ጆግ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ከባሌ ተነስቶ ኦሮሚያና ሶማሌን ጨምሮ ብዙ ክልሎችን ያዳረሰው ኮሌራ የተጓዘው በውሃና በእጅ ነው። ዕቃን መክደን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርነው ሱንና ሆኖ ሳለ የመጠጥ ውሃችን ተከፍቶ ሲውል ማየት ያሳዝናል።

መንገዱ ራሱም ይህንኑ ያስታውሳል። ገለምሶን፣ በዴሳንና ጭሮን (አሰበ ተፈሪን) አልፋችሁ፣ ሂርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን ተሻግራችሁ ደንገጎ ላይ ስትደርሱ የድሬዳዋውን ቁልቁለት ትታችሁ ወደ ሐረር ትታጠፋላችሁ። ብዙ ሳትርቁ ሐረማያ ናችሁ። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ታይቶበታል። ውሃ ባጠረበት ከተማ ደግሞ መጀመሪያ የሚጓደለው የሳህን ማጠቢያው ነው።

ጀጎል ገብታችሁ በጠባቦቹ መንገዶች ስትዘዋወሩ የግመል ወተት ሊቀርብላችሁ ይችላል። ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው፤ ጥሬውን መጠጣትም በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። በሽታው ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። አዲስ ተጋቢዎች ከሆናችሁ ነገሩን እንደ ቀላል አትዩት። ወተቱ ይፍላ፣ አለዚያም ሻይ ይሻላል።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት መሄዳችሁ አይቀርም። ሥጋ የተሰካበትን እንጨት ይዛችሁ ካበላችሁ እጃችሁ ጥሬ ሥጋ ነክቷል ማለት ነውና በሳሙና ሳትታጠቡ ሙሸበክ አትቁረሱ። (ፎቶግራፉ ካለቀ በኋላ ይህን የሚያስታውስ ብዙም የለም።)

እሳት የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የተቆላ ኦቾሎኒ ነው። በደንብ ያልደረቀ ወይም እርጥበት ያገኘው ኦቾሎኒ ላይ የሚያድገው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይተዋል። መርዙ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ለዓመታት በተደጋጋሚ ሲወሰድም የጉበት ካንሰር ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከባቢሌ፣ ከጉርሱም፣ ከፈዲስና ከእኛው ከዳሮ ለቡ በተሰበሰበ ኦቾሎኒ ላይ ይህን መርዝ አግኝቷል። ስለዚህ ለመንገድ ስንቅ ከቤት የያዛችሁትንም ቢሆን የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና አፍ ላይ የሚመረውን ትፉት። ለልጆች የምትገዙትን ደግሞ አንድ በአንድ ልቀሙ።

ከሻንጣችሁ ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ አይጥፋ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ተቅማጡ የሩዝ ቅቅል ውሃ ከመሰለ መፍትሔው እየጠጡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ሆቴል ተኝቶ መጠበቅ አይደለም።

አሁን ስለ ሻጮቹ ልናገር። ተቅማጥ በተነሳ ቁጥር የመንገድ ዳር ሻጮች ይነሱ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሻጯ ግን ነገ በሌላ ጥግ፣ ከውሃ ይበልጥ ርቃ ትቀመጣለች፤ የልጆቿ እንጀራ ነውና። ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባት ሲንጋፖርም በ1960ዎቹ መንገዶቿ በምግብ ሻጮች የተሞሉ ነበሩ። መንግሥት ሻጮቹን መዘገበ፤ ከ1970ዎቹ እስከ 1986 ድረስም የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ወዳላቸው የጋራ አዳራሾች አስገባቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ ይህን የአመጋገብ ባህል በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። ጀጎል ራሱ በዩኔስኮ የተመዘገበው ቀደም ብሎ በ2006 ነው።

እኛ የሲንጋፖር ገንዘብ የለንም። ሆኖም ዩኔስኮ ስለ ጀጎል ሲጽፍ 82 መስጊዶችን ቆጥሯል። በየመስጊዱ የውዱእ ውሃ ይቀዳል። ኢማሙንና ኮሚቴውን አስፈቅዶ በአጥሩ ጥግ ለምትጠብስ እናት በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን ውሃ መሙላትና ቧንቧ ያለው ክዳናም ባልዲ ከሳሙና ጋር መግዛት የአንድ ጀማዓ የጁሙዓ መዋጮ ይበቃዋል። በሐረር ብቻ ሳይሆን በጭሮ መናኸሪያና በመቻራ ገበያም የሚጠብሱ እናቶች አሉ፤ ኮሚቴዎቻችን በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን አጀንዳ ቢይዙት መልካም ነው።