በሕመምተኛው ፈንታ የሚናገር ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ሕመሙን ለሚሰውር ሰው የተነገረ ተግሣጽ ነው። ነገር ግን በሽታውን ከራሱ ከበሽተኛው የሚደብቁት ዘመዶቹ የሆኑ እንደ ሆነስ ምን ይባላል? «እንዳይደነግጥ» በማለት ከሐኪሙ ጋር ለብቻቸው የሚመክሩ፥ ስለ ሰውየው ሕይወት ያለ ሰውየው የሚቈርጡ ወገኖች ጥቂቶች አይደሉም። አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ይሁን እንጂ ፍቅር የባለቤቱን ፈቃድ ሊተካ አይችልም።

በአሜሪካ ይህን ጉዳይ በአብዛኛው የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ አእምሮው ጤናማ የሆነ ማናቸውም አዋቂ ሰው በገላው ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት እንዳለው ገለጡ። በ1976 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሞት ሲቃረብ ሕይወት ማራዘሚያ እንዳይደረግ በጽሑፍ የሚሰጠውን ቃል በሕግ አጸናች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በሚዙሪ የደረሰው ነው። ናንሲ ክሩዛን የተባለች የ25 ዓመት ሴት በ1983 በመኪና አደጋ ራስዋን ስታ ቀረች። ወላጆችዋ በቱቦ የሚሰጣት ምግብ እንዲቋረጥ ቢያመለክቱ፥ ግዛቱ ፈቃዱ የእርስዋ ለመሆኑ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ጠየቀ፤ በ1990 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ5 ድምፅ ለ4 ይህን አጸደቀ። ኋላ አዲስ ምስክሮች ቀርበው ልመናቸው የተፈቀደው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ይህ ሁሉ ሙግት አንዲት የተፈረመች ወረቀት ባለመኖሯ የመጣ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ፥ ወኪል ያልመረጠ ሰው መናገር ቢሳነውና በፍርድ ቤት የተሾመ ሞግዚት ባይኖረው፥ በቅድሚያ የሚጠየቀው የትዳር ጓደኛው ነው፤ ከዚያም አካለ መጠን የደረሱ ልጆች፥ ቀጥሎ ወላጆች፥ ቀጥሎ ወንድምና እኅት ይመጣሉ። ስለዚህ በአገራችን ልማድ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ቃል ተቀባይ የሆነው ታላቅ ወንድም በሕጉ ፊት ከኋላ ይቆማል። ሕመምተኛው እርሱን የሚመርጥ ከሆነ ግን አስቀድሞ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሞ ሊወክለው ይችላል።

ወጣቶች ሆይ፥ የሐኪሙን ቃል ለእናት ለአባት የምታስረዱ እናንተ ናችሁና ሳትቀንሱ አድርሱ፤ ፈቃዳቸውንም ጤና ሳሉ ጠይቁ። ይህ ሟርት አይደለም። ስለ ከብቱና ስለ መሬቱ የሚናዘዝ ሰው ስለ ገላው ቢናዘዝ ምን ነውር አለው?