አሮጌ መኪና፣ አዲስ ቀለም



በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ መኪና ነው። «የቤተሰብ መጽሔትን ከጋራዥ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን። ልጆቻችንን ጭነን አገር ለአገር የምንጓዝባት፣ የዓመታት ዕቁባችን የገባባት ዕቃ የቤተሰብ ጉዳይ ካልሆነች የቤተሰብ ጉዳይ የሚባለው ምኑ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚመጡ አሮጌ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሃያ ዓመት የሠራው ሁሉ ታጥቦና ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ተውቦ ይቀርባል። እኛም በዚያው ዓመት በግንቦት 24 ቀን እንዲህ ካጌጡት አንዷን ገዛን። በፈረንጆች 2003 የተሠራች ነጭ ኮሮላ ነበረች።

የገዛናት ከደላላ ሳይሆን መኪና መሸጥ ሥራው ከሆነ ነጋዴ ነው። ይህን ያደረግነው ለጥንቃቄ ብለን ነበር። ሰውየው በሰፈራችን የታወቀ፣ ጁሙዓ አብሮን የሚሰግድ ነው። መኪናዋን ስናይ ፍሬኗ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ሞተሯም ቶሎ ይሞቃል አልነው። «ሁለቱንም አሠርቼ ነው የማስረክባችሁ፤ ሐሳብ አይግባችሁ» አለን። ከአራት ቀን በኋላ ስንመለስ «ወላሂ ሁሉም አዲስ ነው የገባላት» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። ደረሰኝ አልጠየቅንም፤ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ አምጣ አላልነውም። መሐላውን እንደ ደረሰኝ ቆጠርነው። ዛሬ ስናስበው የመጀመሪያው ጥፋት የእኛው ነበር።

ዓረፋ በዚያ ዓመት ሰኔ 9 ዋለ። ሰኔ 7 ቀን ጠዋት አምስት ልጆችና አራት ትልልቅ ሰዎች ሆነን፣ በሁለት መኪና፣ ወደ ጅማ ወደ እናታችን ተነሣን። ኮሮላዋን የሚነዳው አማቻችን ነበር። ወሊሶንና ወልቂጤን በሰላም አለፍን። የጅማን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል። ሙቀቱ ከመስኮት ይገባል፤ ፍሬን የሚፈተነውም እዚያ ነው። ቁልቁለቱን አጋምሰን ሳለ አማቻችን ዝም አለ። ከወትሮው ዝምታው የተለየ ነበር። በኋላ እንደነገረን የፍሬኑ ፔዳል እንደ ጭቃ ሰምጦ ወለሉን ነክቷል። አላህ ይስጠው፣ ሳይደናገጥ ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ፣ ከድልድዩ በፊት ዳር ይዞ አቆማት። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ለሽርሽር የቆምን መስሏቸው ብስኩት ጠየቁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍሬኑ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ተመለሰ። ሰዎቹን ሁሉ ወደ ሌላኛው መኪናና ወደ ሚኒባስ አዛውረን አማቻችን ብቻውን ግቤን ተሻገረ። የአበልቲን ዳገት ሲጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ኮሮላችን በአይሱዙ ተጭና ወደ ወልቂጤ ተመለሰች፤ እኛም ማታ ጅማ ገባን።

የወልቂጤው መካኒክ ያወጣው ጉድ ብዙ ነው። አንዱን ብቻ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ፤ ሞት የነበረው እርሱ ውስጥ ነውና። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲደጋገም ሙቀቱ ዘይቱን ያፈላዋል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ስለሚሆን ፔዳሉ ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል። ብዙ ሰው «ፍሬኔ ጠፍቶ ተመለሰ» ሲል እንደ ተአምር የሚያወራው ይህንኑ ነው። የእኛ መኪና ዘይት ጠቁሮ ቡና መስሎ ነበር። ከኋላ በግራ ያለው ጎማ ፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል፤ ያንጠባጠበው በቤንዚን ታጥቦ ጸድቷል እንጂ አልተጠገነም። የፍሬን ሸራውም ያው አሮጌው ሲሆን በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ አዲስ እንዲመስል ተደርጓል።

የሙቀቱም ነገር ከዚህ አይሻልም። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል፤ ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ እንዲዞር በሽቦ በቀጥታ ተያይዟል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ተጨምሯል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላቱን ለጥቂት ቀን የሚሸፍን ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት መሥሪያ ቤት ብንመላለስባት ኖሮ ምናልባት ሁለት ወር ትቆይልን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። መኪና አሮጌ መሆኑ ነውር አይደለም። ፍሬኑ የደከመ መኪና መሸጥም፣ ድካሙ ከተነገረ፣ ነውር የለውም። እኛን ያንገበገበን ጥገናው ነው። ጉድለቱን ለማዳን ሳይሆን እኛ እንዳናየው ተብሎ የተሠራ ጥገና ነበርና። ጉድለቱ ሳይነካ ቢቀር እናየው ነበር፤ አይተነውም ነበር።

ዲናችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። የረጠበው እህል ከክምሩ ሥር የተገኘበትን ነጋዴ ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጡቷ ታስሮ ስለሚሸጥ ከብት የመጣው ሐዲስ ነው። የጥንት ሻጮች ግመሏን ወይም በጓን ለቀናት ሳያልቡ ያቆዩና ጡቷ ተወጥሮ ሲታይ ገዢው የወተት ላም ያገኘ ያህል ይደሰታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከልክለዋል፤ የተታለለውም ገዢ አልቦ ካወቀ በኋላ ከፈለገ እንዲይዛት፣ ካልፈለገ ከአንድ ቁና ተምር ጋር እንዲመልሳት መርጠውለታል። ምርጫው ሦስት ቀን መሆኑ በሙስሊም ዘገባ ተጠቅሷል። ፉቀሃዎች በነውር ምክንያት ዕቃ የመመለስን መብት «ኺያሩል ዐይብ» ይሉታል። በሻፊዒ መዝሀብ ገዢው ነውሩን እንዳወቀ ሳይዘገይ መመለስ አለበት፤ አውቆ እየተጠቀመበት ከቆየ እንደ ወደደው ይቆጠራል። «አይታችሁ ግዙ፣ ኋላ የለሁበትም» ብሎ መሸጥን በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ እያወቁ መደበቅ ሐራም መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም።

የሶሐባው የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ ታሪክም አለ። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ዋሲላ ተከትለው ይደርሱበትና ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛሃት ብለው ይጠይቁታል። ለጉዞ መሆኑን ሲሰሙ ኮቴዋ የተበሳ መሆኑን ይነግሩታል። ሻጩ ገበያዬን አበላሹብኝ ብሎ ቢቆጣም ዋሲላ ነውርን የሚያውቅ ሰው መናገር እንዳለበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን መለሱለት። ልብ በሉ፣ ዋሲላ ሻጭም ገዢም አልነበሩም። ይህን የምንጽፈው በጋራዥና በድለላ ሥራ የተሠማራችሁ ወጣት ወንድሞቻችንን እያሰብን ነው። ያንን የፍሬን ዘይት በቤንዚን ያጠበው የነጋዴው እጅ አልነበረም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዢው እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። ክስ ማቅረብ የሚቻለው ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆት ከሆነ ከዋስትና ነጻ የሚያወጣው የውል ቃል ዋጋ የለውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል።

እኛ ከጅማ ስንመለስ 18ኛው ቀን ሆኖ ነበር። ያዳነን በ14ኛው ቀን፣ በዓረፋ ዋዜማ፣ «ፍሬኑና ሞተሩ እንዲህ ሆኗል፤ እንዳልተሠራ መካኒክ አይቷል» ብለን በስልክ የላክንለት አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ተቀምጧል። በቃል ብቻ ደውለን ቢሆን «አልነገራችሁኝም» ማለት ይችል ነበር።

ከመስጊዳችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። መጀመሪያ «መኪና ነው፤ ይበላሻል» አለ። አማቻችን ከላስቲክ ውስጥ የታሹትን የፍሬን ሸራዎችና በጠርሙስ የተቀዳውን የራዲያተር አተላ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰውየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አያቸው። «ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ሰጥቻለሁ፤ መካኒኩ ነው የበላኝ» አለ በመጨረሻ። እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም አናውቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን «ልጄ፣ ወላሂ ያልከው አንተ ነህ፤ መካኒኩ አይደለም» አሉት። እኛ በመረጥነው ጋራዥ እንድትሠራ፣ ከ61 ሺህ ብሩ 45 ሺህውን እርሱ እንዲከፍል ተስማማን። ቀሪውን የከፈልነው ለሽማግሌዎቹ አክብሮት ብለን እንጂ ተገቢ ነው ብለን አይደለም። ቴስታታው ተላጨ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ቴርሞስታትም ገባላት።

አሁን መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በችኮላ እንጣልላችሁ። መኪና የሚታየው በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ ኮፈኑን ስትዳስሱት ሞቆ ካገኛችሁት አንድ ሰው አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሡት፤ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። ሲሞቅ ግን ክዳኑን እንዳትነኩት፣ ያቃጥላል። ቁልፉን ከፈት ስታደርጉ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፤ አንዱ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩንና ፓራውልቱ አጠገብ ያለውን ላሜራ አስነኩት፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው። ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሻጭ «አሠርቼ እሰጣለሁ» ካለ ደግሞ የአዲሱን ዕቃ ደረሰኝና የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ የሚሠራውም በውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ። አሮጌውን ዕቃ ማሳየት ያልቻለ ሰው አልቀየረውም።

ቤተሰባችን ስለበዛ አሁን ኮሮላዋን ልንሸጣት ነው። የምናውቀውን ነውሯን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፍን፤ በኋላ ግራ በር ላይ ስቱኮ፣ ዳገት ላይ የሚንኳኳ የፊት እግር፣ የማይከፈት አንድ መስኮት። የመጀመሪያው ገዢ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀና ሄደ። ሁለተኛው ከዋጋው ላይ ሰማንያ ሺህ ብር ቀንሱ አለ፤ አልተስማማንም። እቤት ውስጥ «የመስኮቱን ነገር እንኳ ብንተወው፣ ሲሞክሩት ያዩት የለ?» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ማን እንዳነሣው አንናገርም። ሦስተኛው ገዢ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ኮፈኑን ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲያገኘው ከዓርብ ማታ ጀምሮ መኪናዋን አናስነሣትም።