ሄይቲን አትርገሙብኝ

ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ጨዋታው ወደ ሄይቲ ዞረና አንድ የተማረ ሰው «እሷማ የተረገመች አገር ናት» ብሎ አረፈው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ሰው ያጠፋውን እግዜር ላይ መለጠፍ እንደማልወድ የዓምዱ ደንበኞች ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜም ፓት ሮበርትሰን የተባለው አሜሪካዊ ሰባኪ፣ ሬሳ ሳይነሳ፣ ሄይቲዎች ከሰይጣን ጋር ተዋውለው ነበር ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ነውር ነው።

ምክንያቱ ያለው ከመሬቱ ሥር ነው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተነስቶ፣ ደቡብ ሄይቲን አቋርጦ፣ ወደ ጃማይካ የሚዘልቅ ኤንሪኪዮ የሚባል የመሬት ስንጥቅ አለ። ሁለቱ ጎኖቹ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊንሸራተቱ ሲሉ ድንጋዩ አንቆ ይይዛቸዋል፤ የተጠራቀመው ኃይል አንድ ቀን ይፈነዳል። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ በ1751ም በ1770ም በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በ2008 ደግሞ ተመራማሪዎች ስንጥቁ በመጠኑ 7.2 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መሬቱ በ7.0 ተናወጠ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ መንግሥት ከ300 ሺህ በላይ ነው ይላል። በቀጣዩ ወር ቺሊ በ8.8 ስትመታ፣ 500 እጥፍ ገደማ ኃይል ማለት ነው፣ የሞተው 500 ሰው ገደማ ነው። ቺሊ በሕግ ትገነባለች። በሄይቲ ግን ሲሚንቶ የተቆጠበበት ብሎኬት፣ ቀጭን ኮለን፣ ለስላሳ ፌሮ፣ ከላይ ደግሞ አውሎ ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነ ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ። የገደለው ያ ጣሪያ ነው። እዚያው ፖርት ኦ ፕሪንስ ውስጥ ጂንጀርብሬድ የሚሏቸው፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው የእንጨት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ተሰነጣጥቀውም ቢሆን ቆመው ቀርተዋል። ድሃ ብሎኬት ሲቆጥብ አልፈርድበትም፤ የምፈርደው ፈቃድ ሰጥቶ በማይቆጣጠረው ላይ ነው።

ደግሞ የ2010ሩ መንቀጥቀጥ የመጣው ከዋናው ስንጥቅ ሳይሆን ከጎኑ ካለ፣ ካልታወቀ ስንጥቅ እንደሆነ በኋላ ተደረሰበት። የዋናው ኃይል ያኔ አልወጣም ማለት ነው። በ2021ም 7.2 መጥቶ ከ2,200 በላይ ሰው ገድሏል።

ግን አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። በ2010 ሄይቲ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አልነበራትም። ዛሬ ተራ ቤተሰቦች እጅ የምታክል መሣሪያ በየቤታቸው አኑረው፣ መብራትና ኢንተርኔት እስካለ ድረስ፣ የመሬቱን ትርታ ይልካሉ። ከ2021ዱ አደጋ በኋላ ተመራማሪዎች ተከታዮቹን ንዝረቶች የተከታተሉት በነዚሁ ጭምር ነው። ስለ ሄይቲ ሲወራ ይህ ለምን እንደማይነሳ አይገባኝም።