የቪዛው ቅጣት ያረፈው በማን ላይ ነው?

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024 በኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ ላይ ያሳለፈውን ውሳኔ፣ እዚህ ስቶክሆልም ካለነው ውስጥ አንብቦ የጨረሰው ብዙ አይመስለኝም። ውጤቱ ግን በየቤታችን ገብቷል። ኪስታ ወይም ሁስቢ የምትኖር ነፍሰ ጡር፣ እናቷ መጥታ እንድታርሳት ትፈልጋለች። አጥሚቱንና ገንፎውን የሚሠራላት፣ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያስተኛላት ሌላ ሰው የላትም። ቀድሞ የቪዛ ማመልከቻ በደንቡ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያገኝ ነበር፤ አሁን ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል። ለአንዳንድ አመልካቾች ማስረጃ ይቀነስላቸው የነበረው ቀርቷል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል፤ ስለዚህ አንዴ መጥታ፣ አርሳ፣ በተባለችው ቀን አገሯ የገባች እናት ሁለተኛው ሲወለድ ሁሉን ነገር ከሀ ትጀምራለች። የዲፕሎማትና የአገልግሎት ፓስፖርት ለያዙ ሰዎች ይደረግ የነበረው የክፍያ ምሕረትም ተነሥቷል። ለባለሥልጣናት ተብሎ የታሰበው ቅጣት ይኸው ብቻ ነው።

እናትየው ምን አጠፋች? ምንም። ኅብረቱ የተቆጣው በአዲስ አበባ መንግሥት ላይ ነው። ጥገኝነት ተነፍገው እንዲመለሱ የተወሰነባቸውን ኢትዮጵያውያን ለመቀበል በሚገባ አልተባበረም፤ ማንነታቸው እንዲጣራ ሲጠየቅ መልስ አይሰጥም፣ የጉዞ ሰነድ አይጽፍም ነው የሚለው። የቪዛ ሕጉ አንቀጽ 25ሀ እንዲህ ያለውን እርምጃ ይፈቅዳል። መጀመሪያ የደረሰው በጋምቢያ ላይ ነበር፣ በ2021። አባቶቻችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። መንግሥት ሲያጠፋ መንግሥትን መቅጣት የከበደው ኅብረት፣ በአሮጊት ሻንጣ ላይ ዱላውን አሳረፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እርምጃው በነጻ የመንቀሳቀስ መብቱ ተጠቅሞ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር የሄደ አውሮፓዊ ዜጋ የሚጦራቸውን ቤተሰቦቹን አይነካም። ስቶክሆልም የሚሠራ የሆላንድ ዜግነት ያለው ሐበሻ፣ በእሱ እጅ የምትተዳደር እናቱን ሲያስመጣ ይህ መብት ከለላ ይሆነዋል። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ግብር ከፍሎ፣ በስዊድን ፓስፖርት በገዛ አገሩ የሚኖረው ጎረቤቱ ግን ያ ከለላ የለውም። የስዊድን መንግሥት በኅብረቱ ምክር ቤት እጁን ሲያወጣ የገዛ ዜጎቹን መብት አሳንሷል ማለት ነው። ይህን ለፓርላማ አባሎቻችን ማንም በግልጽ የነገራቸው አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 2015 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ስዊድን 162,877 የጥገኝነት ማመልከቻዎችን ተቀበለች። ኖቬምበር 24 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሎቬን በሩ እንደሚጠብ ሲያስታውቁ፣ አጠገባቸው የቆሙት ምክትላቸው ኦሳ ሩምሶን እንባቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። በ2016 ጊዜያዊ ሕግ ወጣ፤ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ዋናው መንገድ ሆነ። በ2021 ያ ጊዜያዊ ሕግ ቋሚ ሆነ። በ2022 ምርጫ የስዊድን ዴሞክራቶች 73 መቀመጫ አግኝተው ሁለተኛው ትልቅ ፓርቲ ሲሆኑ፣ ከኡልፍ ክሪስተርሾን ጥምር መንግሥት ጋር የቲዶን ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን እናውቀዋለን። በዓመት 5,000 የነበረው የኮታ ስደተኛ ወደ 900 ወረደ። ለሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ደመወዝ ተሰቀለ። በፈቃዱ አገሩ ለሚመለስ ሰው ይሰጥ የነበረው 10,000 ክሮነር ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 350,000 ደርሷል።

ለእኛ ሰው ግን ከሁሉ የከበደችው ቀን ኤፕሪል 1፣ 2025 ናት። እስከዚያ ድረስ አቭስላግ፣ ማለት ጥገኝነት የመንፈግ ውሳኔ፣ የደረሰበት ሰው ሁለት ተስፋ ነበረው። አንደኛው ስፖርቢቴ የምንለው ነው፤ ጥገኝነቱን እየጠበቀ ሥራ የያዘ ሰው እዚሁ ሆኖ የሥራ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በዚህ መንገድ ነው ሰው የሆኑት። ሁለተኛው ጊዜ ነበር። የመባረር ውሳኔ በአራት ዓመት ያረጅ ነበር፤ ያኔ ሰውየው እንደገና ያመለክት ነበር። በአንድ ቀን ሁለቱም ተዘጉ። አሁን ቆጠራው የሚጀምረው ሰውየው ከአገር ከወጣ በኋላ ነው። መውጣት ያልቻለ፣ ሌላም መንገድ የሌለው ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። አገሩ ሰነድ አልጽፍለትም ካለች፣ ስዊድንም ፈቃድ አልሰጠውም ካለች፣ የት ይኖራል? በወዳጅ ሶፋ ላይ ይኖራል፣ በጨለማ ይሠራል፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ለመሄድ ይፈራል። እንዲህ የሚኖሩ ሰዎችን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እናውቃቸዋለን።

ስዊድን ጉዳዩን በፍርድ ቤት ጭምር መርምራ ጥገኝነት የነሳችውን ሰው ተመለስ የማለት መብት አላት። በዚህ አልከራከርም። አዲስ አበባም የራሷ ዜጋ ሲመለስ የመቀበል ግዴታ አለባት። የምከራከረው በመካከል ባለው ሰው ላይ ነው። ከአማራ ክልል ለመጣ ወጣት፣ ከኦገስት 2023 ወዲህ ውጊያ ወዳለበት ቀዬ ተመለስ ማለት፣ የአዲስ አበባን ኑሮ ተመልክቶ ነገሩን በአንድ ፋይል እንደመዝጋት ቀላል አይደለም። የስደት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሚግራሽንስቬርኬት ሰዎችን በአገር ስም ብቻ ሳይሆን በመጡበት ወረዳ መመዘን አለበት።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር፣ የስዊድን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ በስደት ጉዳይ እየተዋጠ መሄዱ ነው። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶቢያስ ቢልስትረም ከ2006 እስከ 2014 የስደት ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በሴፕቴምበር 2024 የተተኩት በማሪያ ማልመር ስቴነርጋርድ ነው፤ እሳቸውም የመጡት ከስደት ጉዳይ ሚኒስቴርነት ነው። ይህን በራሱ ጥፋት አልለውም። ርዳታው ግን አብሮ ተለወጠ። ስዊድን ከብሔራዊ ገቢዋ አንድ በመቶውን ለርዳታ የመስጠት የቆየ ልማዷን ትታ ከ2023 እስከ 2025 በዓመት 56 ቢሊዮን ክሮነር ወስና፣ ርዳታና ተመላሽ የመቀበል ትብብር አብረው እንዲታዩ አደረገች። የስዊድን ራዲዮ በ2025 እንደዘገበው፣ ሶማሊያ ተመላሾችን እንድትቀበል በተደረገ ስምምነት ወደ 100 ሚሊዮን ክሮነር የሚሆን የርዳታ ገንዘብ ለዚሁ ዓላማ ተመድቧል። ዲፕሎማሲው ወደ ሰው ቆጠራ ወርዷል።

ይህ ከኢትዮጵያ ጋር ካለው ታሪክ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። በ1935 የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በመልካ ዲዳ በጣሊያን አውሮፕላን ሲደበደብ የስዊድን ደም በአፈራችን ላይ ፈሷል። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት መኮንኖቻችንን ያሠለጠኑት በቫይኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን ነበሩ። ኢትዮጵያን በአየር ኃይልም በረሃብ ጊዜም ያገለገሉት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1977 ጎዴ ላይ ሞቱ። አዲስ አበባ ላይ የሕንፃ ኮሌጁ የተከፈተው በስዊድን ትብብር ነው፤ በአሰላ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅትም በ1967 እንዲሁ። ስዊድን ከደርግ የሸሸውን ትውልድም ተቀብላ አስተምራለች። እነዚያን ሥራዎች የሠሩ ሰዎች የሚያስቡት ቀጥሎ ስለሚመጣው ሃያ ዓመት ነበር።

አዲስ አበባን ግን ከነቀፋ አላወጣትም። መንግሥታችን ተመላሽ መቀበል አይችልም የሚል አለ፤ ይህ ልክ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጥ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀብሏል። ስለዚህ የአቅም ነገር አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ደግሞ በፌብሩዋሪ 2018 የመመለሻ ሥርዓት ላይ ተስማምቷል። የተስማማበትን ወይ ይፈጽም፣ ወይ ለምን እንደማይፈጽም በአደባባይ ይናገር። ዝም ብሎ ሰነድ ከማስቀመጥ ይልቅ ቀርቦ መደራደር ነበረበት፦ በጦርነት አካባቢ ላሉት ጥበቃ፣ በስዊድን ለሠሩ ሰዎች ሕጋዊ የሥራ መንገድ፣ ለእናቶችም የቪዛው ቅጣት መነሣት። ጋምቢያ ተባብራ በኤፕሪል 2024 ከቅጣቷ የቪዛ ክፍያ ጭማሪው ተነሥቶላታል። ኤምባሲያችን ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ለዲያስፖራው በግልጽ ስብሰባ ሲያስረዳ ግን አልሰማሁም።

እኛስ? አቤቱታችን በቡና ላይ ያልቃል። የገብርኤል ማኅበር ይሰበሰባል፣ ዕድር ይሰበሰባል፣ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ የሠፈራችንን የፓርላማ ተወካይ ስም የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ማልመር ስቴነርጋርድ ወይም የስደት ጉዳይ ሚኒስትሩ ዩሃን ፎሽል በየዕለቱ ስለ እኛ ይወስናሉ፤ ከእኛ ስንቱ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል? ሶማሌዎቹ፣ ኩርዶቹና ኢራናውያኑ በኮሙን ምክር ቤት በየፓርቲው ተቀምጠዋል። በቁጥር ብናንስም በመገኘት ማነስ የለብንም።

የስዊድን አጠቃላይ ምርጫ እሑድ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2019፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ዜግነት ያለው 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ለፓርላማ ይመርጣል። ዜግነት የሌለው ግን በስዊድን ነዋሪነት ለሦስት ዓመት ሳይቋረጥ የተመዘገበ ሰውም ለኮሙንና ለክልል ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፤ ብዙዎቻችሁ ይህን መብት አልተጠቀማችሁበትም። የመምረጫ ካርዳችሁ ፖስታ ቤት ሳይሆን ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ አትጣሉት። ከዚያ በፊት ለየፓርቲዎቹ እጩዎች አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ ስዊድን በኢትዮጵያውያን እናቶች ላይ የተጣለውን የቪዛ ቅጣት ለማስነሣት በኅብረቱ ምክር ቤት ምን ታደርጋለች? መልሱን ጻፉት፣ ለጎረቤታችሁም ንገሩ፣ ድምፃችሁን በመልሱ መሠረት ስጡ።