የበጋ ሙዚቃና የነጋዴው ድርሻ

ሐምሌና ነሐሴ በእኛ ዘንድ ክረምት ናቸው፤ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ግን በጋ ነው። ከተማይቱ በፈረስ እሽቅድምድሟ የታወቀች ስለ ሆነች፥ የበጋ ትርፍ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሽቅድምድሙን ነው። ሆኖም በከተማይቱ መካከል፥ በአንድ ሕንጻ ፎቅ ላይ፥ ካፌ ሊና የተባለ አነስተኛ የሙዚቃ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ይገኛል። ቦብ ዲላን ገና ዝናው ሳይወጣ በ1961 ተጫውቶበታል። በ2016 ከታደሰ ወዲህ እንኳ የሚይዘው 110 ሰው ያህል ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር የሰማ ነጋዴ ይስቅ ይሆናል። በእርግጥም 110 ወንበር በሙሉ ቢሸጥ፥ የዘፋኙን ዋጋ፥ የድምፅ መሣሪያውንና የቤቱን እድሳት በአንድነት ለመሸፈን ይቸግራል። ስለዚህ መሥራቿ ወይዘሮ ሊና ስፔንሰር በ1989 ካረፉ ወዲህ ቤቱ ለትርፍ በማይሠራ ድርጅት እጅ ሆኖ በመዋጮ ጭምር ይተዳደራል።

ነገር ግን በበጋ ማታ ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ ራት ይበላል፤ በእግሩ ሲመለስም የሱቅ መስኮት ይመለከታል፤ ከሩቅ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ያድራል። ይህ ገንዘብ የሚገባው ወደ ጎረቤቱ ነጋዴ ካዝና እንጂ ወደ አዳራሹ አይደለም። እንግዲያው በየትኛውም ከተማ ቢሆን፥ ነጋዴው ለእንዲህ ያለ ቤት የሚያዋጣው ገንዘብ በመዝገቡ ውስጥ በምጽዋት ስም ሊሰፍር አይገባም፤ ከሱቅ ኪራይና ከማስታወቂያ ወጪ አጠገብ ይጻፍ።