ወጀብ ሳይመጣ መቍጠር፤ ስለ ጃማይካ የስታቲስቲክ መሥሪያ ቤት ሥራ

የአንድ አገር እርሻ ይለማ ዘንድ መልካም ዘር፣ ብርቱ በሬ፣ በጊዜው የሚወርድ ዝናምና የገበሬው ድካም እንደሚያስፈልጉ የማይቀበል የለም። ነገር ግን ከነዚህ ጋራ አብሮ ሊነሣ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም እውነተኛ ቍጥር ነው። ቤቷን በሥርዓት የምታስተዳድር እመቤት በጎተራዋ ያለውን እህል በቍና ሰፍራ ስለምታውቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ የሚጐድለውን አስቀድማ ታስባለች፤ ሳትሰፍር የምታወጣው ግን የምትደነግጠው የጎተራው ወለል የታያት ዕለት ነው። የመንግሥትም ነገር ከዚህ አይለይም። የገበሬውን ቍጥር፣ የማሳውን ስፋትና የከብቱን ብዛት ሳያውቅ የሚያዝዝ ሹም፣ ትእዛዙ ምንም ቢያምር በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ ትንሽ አገር በካሪብ ባሕር መካከል ይገኛል። ጃማይካ ስፋቷ 11,000 ኪሎ ሜትር ካሬ የማይሞላ፣ ሕዝቧም 3 ሚሊዮን የማይደርስ፣ ፓሪሽ በሚባሉ 14 አውራጃዎች የተከፈለች ደሴት ናት። በዋና ከተማዋ በኪንግስተን የጃማይካ የስታቲስቲክ ኢንስቲትዩት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት በዛሬ ስሙ የቆመው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። የሥራው ሥር ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ሕዝብን ይቈጥራል፤ በየወሩ የገበያውን ዋጋ ይመዘግባል፤ ወደ ውጭ የሚወጣውንና ከውጭ የሚገባውን ንግድ ያሰላል፤ ሥራ ያለውንና ሥራ ያጣውን ሰው ይለያል፤ ዘመኑ ሲደርስም በየተራራውና በየሸለቆው የሚገኘውን የእርሻ ይዞታ ሁሉ ይቈጥራል።

ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የዚህን ቈጠራ ጥቅም ለማስተዋል ታሪኩን ከመጀመሪያው መመልከት ያሻል። በጃማይካ ሰው በስሙና በዕድሜው በመዝገብ መጻፍ የጀመረው ለመልካም ነገር አልነበረም። በ1817 ዓ.ም. በሕግ የተዘጋጀው መዝገብ ባሪያዎችን የሚመዘግብ ነበር፤ በየስኳር እርሻው ያሉት አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በጌታቸው ስም ሥር እንደ ንብረት ይጻፉ ነበር። በ1834 ዓ.ም. የባርነት ሕግ ሲሻር በደሴቲቱ ከ310,000 በላይ ባሪያዎች ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ለቅኝ አገሮቹ ሁሉ ያወጣውን 20 ሚሊዮን ፓውንድ የካሣ ገንዘብ ሲያከፋፍል፣ በመዝገቡ መሠረት ገንዘቡን የተቀበሉት ጌቶቹ እንጂ የተቈጠሩት ሰዎች አልነበሩም። ሙሉው ነጻነት በ1838 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ፣ በ1844 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ ተደርጎ 377,433 ሰው ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሰው የተቈጠረው የሌላ ሰው ሀብት ሆኖ ሳይሆን ራሱ ሰው ሆኖ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቍጥር በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው ለማን ጥቅም እንደ ተቈጠረ ነው። ስለዚህ የተቈጠረው ሰው ቈጣሪውን ቢጠራጠር ሊፈረድበት አይገባም። ጥርጣሬውን ማስወገድ የቈጣሪው ሥራ እንጂ የተቈጣሪው ዕዳ አይደለም።

የመቍጠር ሥራ ሲቋረጥ የሚመጣውንም ጕዳት ይኸው አገር አሳይቷል። ከ1921 ዓ.ም. ቈጠራ በኋላ በ1931 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው፣ ዓለምን ሁሉ በያዘው የገንዘብ ችግር ዘመን ሳይደረግ ቀረ። በ1938 ዓ.ም. በደመወዝ ማነስና በሥራ ማጣት የተማረሩ የስኳር እርሻና የወደብ ሠራተኞች በተነሡ ጊዜ፣ በአስተዳዳሪዎቹ እጅ የነበረው የሕዝብ ቈጠራ የ17 ዓመት ዕድሜ ያለው ነበር። ለቈጠራ ያልወጣው ገንዘብ ተቈጠበ እንጂ፣ የሕዝቡ ችግር ስላልተቈጠረ አልቀነሰም። በ1943 ዓ.ም. የተደረገው ስምንተኛው ቈጠራ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና እርሻውን ጭምር የያዘ ነበር፤ የሕዝቡም ቍጥር 1,237,063 ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት በ1944 ዓ.ም. ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ የመምረጥ መብት አግኝቶ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ።

ለእርሻ ሰዎች ይልቁን የሚጠቅመው ግን የወጀቡ ነገር ነው። በመስከረም 12 ቀን 1988 ዓ.ም. ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ አቋርጦ አለፈ። የሙዝ ተክሉን ጣለ፣ የቡናውን ዛፍ ሰበረ፣ የዶሮውን ቤት ጠረገ። ቡናው ከ1728 ዓ.ም. ጀምሮ በደሴቲቱ የሚተከል፣ የዘሩም መነሻ ኢትዮጵያ የሆነ፣ በብሉ ማውንቴን ተራሮች የሚበቅለውና በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራው ነው። ወጀቡ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ጠፋ?» የሚል ነው። የጠፋውን ለማወቅ ግን አስቀድሞ የነበረውን ማወቅ ግድ ነው፤ ከማይታወቅ ላይ የሚቀነስ ነገር የለምና። ከጊልበርት በፊት የተደረገው የእርሻ ቈጠራ የ1978 እና የ1979 ዓ.ም. ነበር፤ ከርሱ በኋላ የተደረገው ደግሞ የ1996 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አገሮች ሁሉ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ የእርሻ ቈጠራ እንዲያደርጉ ይመክራል። ጃማይካ ግን በዘመኗ ከታዩት ታላላቅ ወጀቦች አንዱን የተቀበለችው በሁለት ቈጠራዎች መካከል በተዘረጋ ረዥም ክፍተት ውስጥ ሆና ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቈጠራው በተደረገ ጊዜ ደግሞ ማንም ከመንገድ ዳር አይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ገለጠ። በ1996 ዓ.ም. በጃማይካ የተቈጠሩት ገበሬዎች 187,791 ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. 228,683 ሆኑ። በዚያው ጊዜ ግን የእርሻው መሬት ከ407,434 ሔክታር ወደ 325,810 ሔክታር ወረደ። የገበሬው ቍጥር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሲጨምር፣ መሬቱ ከአምስት አንድ እጅ ቀነሰ ማለት ነው። የገበሬዎቹን መብዛት ብቻ የሰማ ሹም እርሻ ለማ ብሎ ደስ ሊለው ይችላል፤ የመሬቱን መቀነስ ብቻ የሰማውም ገበሬው እርሻውን ትቶ ሄደ ብሎ ሊያዝን ይችላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። እውነቱ የሚታየው ሁለቱ ቍጥሮች ጐን ለጐን ሲቆሙ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰው በጠበበ መሬት ላይ መቀመጡ ነው። ለእንዲህ ያለ ገበሬ የሚሰጠው ምክርና ብድር፣ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ላለው ከሚሰጠው ጋራ አንድ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ እውነተኛ ቍጥር እንዴት ይገኛል? በየትም አገር ያለ ገበሬ ስለ ሀብቱ ሲጠየቅ የጠያቂውን ፊት ይመለከታል። ጠያቂው ግብር ሰብሳቢ የመሰለው እንደሆነ ከዐሥር ፍየሎቹ አራቱን ይናገራል፤ እርዳታ አዳይ የመሰለው እንደሆነ ዐሥሩ ሃያ ይሆናሉ። ይህ ክፋት አይደለም፤ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ቈጠራው ከግብርም ከእርዳታም የተለየ እንዲሆን ያስፈልጋል። በጃማይካ የስታቲስቲክ ሕግ የአንዱ ሰው መልስ ተለይቶ ለሌላ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ የመሥሪያ ቤቱም ሠራተኞች ምስጢር ለመጠበቅ ይምላሉ። የሚወጣው የሁሉ ድምር እንጂ የእገሌ ፍየል ቍጥር አይደለም።

የገበሬዎች መዝገብ ግን ከዚህ ይለያል። የገጠር እርሻ ልማት ባለሥልጣን የሚባለው የጃማይካ መሥሪያ ቤት ገበሬዎችን በስማቸው ይመዘግባል፤ ለምክርና ለእርዳታም መዝገቡን ይሠራበታል። ይህም አስፈላጊ ነው፤ ወጀብ ያጠፋበትን ሰው በስሙ ሳያውቁ ዘር መስጠት አይቻልምና። ይሁን እንጂ ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል። መዝገብ ለማን እንደሚሰጥ ያሳያል፤ ቈጠራ ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ ስንት ሰው እንደ ቀረ ይናገራል። ቈጠራ የሌለው መዝገብ፣ ያልተመዘገበውን ድኻ ከነጭራሹ እንደሌለ ያስቈጥረዋል።

ይህ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ እንዳይመስል፣ የቅርቡንም ማሰብ ይበቃል። በሐምሌ 3 ቀን 2024 ዓ.ም. ቤሪል የተባለው ወጀብ በደቡቡ ጠረፍ አልፎ፣ የደሴቲቱ ጎተራ በምትባለው በሴንት ኤሊዛቤት አውራጃ የነበረውን አትክልት አጠፋ። ገበሬዎቹ እንደገና ዘርተው ገና ሳይቋቋሙ፣ በጥቅምት 28 ቀን 2025 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ ገባ፤ ጃማይካን ከመቱት በጽሑፍ ከሚታወቁት ወጀቦች ሁሉ የበረታው እርሱ ነው። በዛሬ ዘመን ከሰማይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ስላለ የቈጣሪ እግር አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ፎቶግራፉ የተነሣውን ጣራና የወደቀውን ዛፍ በእርግጥ ያሳያል። ነገር ግን በዚያ ማሳ ስንት ቤተ ሰብ ይኖር እንደነበረ፣ መሬቱ የራሱ ይሁን የኪራይ፣ ዘሩ በብድር የተገዛ ይሁን አይሁን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ወጀቡ ሳይመጣ ከገበሬው ደጃፍ ቆሞ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ወጪውን እያነሡ የሚቃወሙም አይጠፉም። ለትንሽ አገር መንገድና ድልድይ እያለ ለቈጠራ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ይመስላቸዋል። በእርግጥም የትንሽ አገር ሸክም ይከብዳል። ጥቂት ቤተ ሰቦችን መርጦ በመጠየቅ የአገሩን ሁኔታ ለመገመት ሲፈለግ፣ ትንሽ አገር የሚያስፈልገው የተጠያቂ ቍጥር ከትልቁ አገር እምብዛም አያንስም፤ የሚከፍለው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። በ2021 ዓ.ም. ታስቦ የነበረው የጃማይካ ሕዝብ ቈጠራ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2022 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ከተጀመረም በኋላ ቈጣሪ በበቂ ስላልተገኘ ጊዜው ደጋግሞ ተራዘመ። ቢሆንም ትንሽነት ቈጠራን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም ምክንያቱ በተቃራኒው ነው። ሰፊ አገር አንዱ አውራጃ ቢጠፋበት ሌላው ያጎርሰዋል፤ ደሴት ግን በአንድ ሌሊት ሁለንተናዋ ሊመታ ይችላል። ትርፍ የሌለው ሰው ከባለጠጋው ይበልጥ ያለውን ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚህም በቀር የቈጣሪው እጥረት ቈጣሪውን በቂ ደመወዝና ክብር በመስጠት የሚቃለል እንጂ ሥራውን በመተው የሚቃለል አይደለም። ጸሓዩን ችሎ ከኮረብታ ኮረብታ የሚሄደው ሰው ቢጐሳቈል፣ በዋና ከተማ ያለው አዋቂ ምንም ቢራቀቅ የሚደምረው ነገር አያገኝም።

የየወረዳው ሹም ከዚህ ሁሉ ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ለራሱ ሥራ የቀረበ ነው። የትልቁ መጽሐፍ ድምር የሚጀምረው ከትንሹ ወረቀት ነው፤ በቀበሌ የተጻፈ ውሸት ሚኒስቴር ሲደርስ እውነት አይሆንም፣ ይበዛል እንጂ። ምርት ያነሰበት ሹም እንዳይወቀስ ብሎ ቍጥሩን ቢያሳድግ፣ በረኀብ ጊዜ ለወረዳው ሊላክ የሚገባውን እህል በገዛ እጁ አስቀረ ማለት ነው። እርዳታ ለማብዛት ብሎ ቢያጋንንም፣ በሌላ ወረዳ ያለውን የባሰ ችግረኛ አስራበ ማለት ነው። «አልተለካም» ብሎ የሚጽፍ ሹም፣ ሳይለካ የተዋበ ቍጥር ከሚጽፈው ይልቅ ለመንግሥቱም ለሕዝቡም ታማኝ ነው። የበላዩም አለቃ እንዲህ ብሎ የጻፈውን ሊያመሰግነው እንጂ ሊገሥጸው አይገባም፤ እውነት የሚያስቀጣ ከሆነ ነገ የሚጽፈው አይገኝምና።

የተቈጠረው ውጤት ደግሞ ወደ ተቈጠረው ሰው ሊመለስ ይገባል። ገበሬው ሦስት ጊዜ ተጠይቆ አንድ ጊዜ እንኳ መልሱ ምን እንደ ሠራ ካልተነገረው፣ በአራተኛው ጊዜ ደጁን ይዘጋል። በሸንጎና በገበያ ቀን «ባለፈው የተጠየቃችሁት ይህን ገለጠ፤ ስለዚህም ይህ ተደረገ» ተብሎ ቢነገረው ግን፣ ቈጠራው ከላይ የወረደበት ነገር መሆኑ ቀርቶ የራሱ ጕዳይ ይሆናል።

ወጀብ በደሴት፣ ድርቅ በደጋና በቈላ፣ አንበጣም በየትም ይመጣል፤ መምጫውን ማንም አያስቀረውም። በሰው እጅ ያለው ከመምጣቱ በፊት ያለውን ነገር በእውነት ማወቅ ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለሌላ ሥራ ብቻ አይደለም። የሚቈጠርበትም ጊዜ ማሳው ለምቶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ ሰውም በቤቱ ተረጋግቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው።