የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥያቄና የተበጠሰው የመረጃ ሰንሰለት፦ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር አንጻር

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚያወጡት የጥሪ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት፣ ከተቋም ተቋም እምብዛም አይለያይም። ተማሪው የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረበትን ትራንስክሪፕት ዋናውንና ቅጂውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዞ በተባለው ቀን እንዲገኝ ያዝዛል፤ ከተባለው ቀን ውጭ የሚመጣን እንደማያስተናግድ ያስጠነቅቃል፤ በዚሁም ያበቃል። ማስታወቂያው ተማሪው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በሚገባ ይናገራል። ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ግን አይናገርም። ይህ ዝምታ ቀድሞ ብዙ የማይጎዳበት ምክንያት ነበረው። ያ ምክንያት ዛሬ የለም። በመሆኑም ዝምታው በተለይ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎችን ከባድ ዋጋ እያስከፈለ ነው፤ ዋጋውን የመቀነስ ኃላፊነትም የተቋሙ እንጂ የተማሪው ብቻ ሊሆን አይገባም የሚል አቋም አለኝ።

ቀድሞ ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን ከሰው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ በአገር አቀፍ ደረጃ በየዓመቱ በመቶ ሺህ በሚቆጠርበት ጊዜ፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በወንበርማ ወረዳ ከአንዱ ቀበሌ ቢያንስ አንድ ሁለት የግቢ ተማሪ አይጠፋም። ለእረፍት ሲመጣ ታናናሾቹ ይከብቡታል። ምግቡ እንዴት እንደሆነ፣ ማደሪያው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የትኛው የትምህርት ክፍል ምን እንደሚጠይቅ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ያስተምር እንደሆነ ይጠይቁታል። እርሱም እያጋነነም እያሳነሰም ይመልሳል። ይህ መደበኛ ያልሆነ የመረጃ ሰንሰለት ዩኒቨርሲቲዎች ሳይከፍሉበት ሲጠቀሙበት የኖሩት አገልግሎት ነበር።

ሰንሰለቱን ሁለት ነገሮች በጥሰውታል። የመጀመሪያው የቁጥር ጉዳይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ካስፈተኗቸው ተማሪዎች አንድም አላለፈላቸውም። የፈተናው ሥርዓት መጥበቁ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ውጤቱ ነው፦ ለሁለትና ለሦስት ዓመት አንድም ተማሪ ካላለፈበት ትምህርት ቤት በአራተኛው ዓመት የምታልፍ ልጅ የምትጠይቀው ታላቅ የላትም። ብቻዋን አልፋለች፤ ብቻዋን ትሄዳለች።

ሁለተኛው ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና አካባቢያቸው ከክፉኛ ተጎጂዎቹ መካከል ናቸው። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችም በ2016 ዓ.ም. ተማሪ የሚጠሩበትን ጊዜ ለማራዘም ተገድደዋል። ግቢ የገባው ልጅ ለእረፍት ወደ ቀበሌው መመለስ ሲሳነው፣ መልሱም ከእርሱ ጋር እዚያው ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲለጥፉ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ያለው ተማሪ ጥሪውን የሚሰማው ገበያ ወጥቶ ከተመለሰ ሰው አፍ ይሆናል።

በፍኖተ ሰላም አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት፣ ያለፉት ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ይዘዋቸው የሚመጡትን ጥያቄዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥናት ብዬ የማቀርባቸው አይደሉም፤ ይሁን እንጂ መልካቸው ተመሳሳይ ስለሆነ በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው የመንገድና የደኅንነት ጥያቄ ነው። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የቡሬ ልጅ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ብቻ ሳይሆን ጅማም ጅግጅጋም ሊደርሰው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ከአውቶቡስ ላይ የተወሰዱት ተሳፋሪዎችና ተማሪዎች ነገር ከወላጆች ልብ አልወጣም። ቡሬ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የሁለተኛው እገታ የደረሰበት መንገድ ደግሞ የጎጃም ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበት ያው መንገድ ነው። ስለዚህ አባት «ልጄ በየት በኩል ትሂድ?» ሲል የሚጠይቀው ሥነ ልቡናዊ ፍርሃቱን እንድናክምለት ሳይሆን እውነተኛ መረጃ እንድንሰጠው ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ጥሪው በመኸር ወቅት ከወጣ በቆሎውና በርበሬው ገና ከማሳ አልተሰበሰበም፤ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ወር የዘገየ ጥሪ ለከተማው ተማሪ መሰላቸት፣ ለገበሬው ልጅ ግን የመሳፈሪያ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ጋር የወጪ መጋራት ውል የሚባለው ነገር አለ። ውል፣ ፊርማና ዕዳ የሚሉት ቃላት በገጠር ከባድ ናቸው። «መሬታችንን ያስይዙን ይሆን?» ብለው የጠየቁኝ አባት አሉ። ግዴታው የተመራቂው መሆኑን፣ የሚከፈለውም ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው ላይ መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን በጥሪ ማስታወቂያዎቻችን ላይ አይገኙም።

ሦስተኛው የትምህርት ጥያቄ ነው፤ ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉ የሚከፋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ዳግም ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው የትምህርት ክፍል የሚመደበው በአመዛኙ በዚያው ዓመት ውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ግቢ ያለው ተማሪ ይህን አውቆ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለሕክምናው ወይም ለሶፍትዌር ምህንድስናው ይሽቀዳደማል። የማያውቀው ግን የመጀመሪያውን መንፈቅ መልመጃ አድርጎ ይወስደዋል። የገጠሩ ተማሪ በአማርኛ እየተብራራለት የተማረውን በእንግሊዝኛ ብቻ መስማት ይጀምራል፤ ኮምፒውተር በቅጡ ነክቶ ሳያውቅ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያወራ ኮርስ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ፈተና ሲደነግጠው የሚያማክረው አያውቅም። የአንደኛው መንፈቅ ውጤት ሲለጠፍ ውድድሩ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በ18 ዓመቱ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባቱን ቀድሞ የመጣ ልጅ በችሎታው ሳይሆን ደንቡን ዘግይቶ በማወቁ የሚፈልገውን የትምህርት ክፍል ያጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና፣ እንዲሁም ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈተና ተማሪ መቀበል መጀመሩ፣ በየደረጃው ሊታወቅ የሚገባውን ደንብ ይበልጥ አብዝተውታል።

አራተኛው ጥያቄ በግልጽ የማይነገረው ነው፦ «እኔ ለዚህ ቦታ የምበቃ ነኝ ወይ?» የሚለው። ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም በብዙ ተጠንቷል። ግሪጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ባይተዋርነት የሁሉም ጀማሪ ስሜት እንደሆነና ከጊዜ ጋር እንደሚያልፍ ከነባር ተማሪዎች ምስክርነት እንዲያነቡ አደረጉ። አንድ ሰዓት ገደማ የፈጀው ይህ ሥራ በሦስት ዓመት ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን ውጤት ከፍ አድርጎ ከነጮቹ ጋር የነበረውን ልዩነት በግማሽ አጥብቧል። በ2023 እ.ኤ.አ. በ22 ተቋማት፣ ከ26 ሺህ በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት ግን አንድ ወሳኝ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፦ መልእክቱ የሚሠራው ተቋሙ በተግባር ተማሪውን የሚያቅፍ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። «አይዞህ» ማለት ብቻውን ጥቅም የለውም፤ «አይዞህ» የተባለው ልጅ የሚያንኳኳው በር ሊኖር ይገባል።

ይህ አሳብ ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅን ባፈሩት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ሥርዓት ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጀማሪ በመወድስ አይጀምርም፤ በአጭሩ በጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ረጅሞቹ ይወጣል። ከመምህሩ ሌላ ደግሞ አስነጋሪ አለው፤ እርሱ ቀድሞ ያወቀ ተማሪ ሆኖ የመምህሩን ቃል ለጀማሪዎች እየደገመ የሚያስረዳ ነው። አዲሱ ተማሪ የጉባኤ ቤቱን ወግ የሚማረው በዕድል ካገኘው ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ የሚያስረዳውን ሰው መድቦለታል። ጉባኤ ቤቱ ቀለብ አልነበረውም፤ ማደሪያውንም የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነበር። ቀለብና ማደሪያ የሚሰጠው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግን አስነጋሪ የለውም።

በዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢዎች የገለጻ መርሐ ግብር አላቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ገለጻው የሚሰጠው ተማሪው ከደረሰ በኋላ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ በአንድ ቀን ነው። የመንገዱም የገንዘቡም ጥያቄ ያን ጊዜ አልፎበታል፤ በዚያ ሕዝብ መካከል እጁን አውጥቶ የሚጠይቀውም አስቀድሞ መጠየቅን የለመደው ነው። ሁለተኛው ተማሪው ለአቅመ አዳም የደረሰ በመሆኑ ራሱ ይጠይቅ የሚል ነው። ራስን መቻል የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ለአንዱ ቤተሰቡ ያወቀለትን ሌላው በኪሳራ እንዲማረው መተው ራስን መቻልን ማስተማር ሳይሆን ቀድሞ የነበረን ልዩነት ማጽናት ነው። ሦስተኛው የበጀት እጥረት ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው አሳቦች ግን ከወረቀትና ከሰው ፈቃደኝነት የዘለለ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ከጥሪ ማስታወቂያው ጋር ሁለት ገጽ የማይሞላ የጥያቄና መልስ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ ተማሪው አፍ በፈታበት ቋንቋ ይጻፍ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ሳይሆን ታትሞ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በኩል እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይድረስ። የወጪ መጋራቱ ውል ምንነት፣ የትምህርት ክፍል ምደባ መመዘኛ፣ የማስጠንቀቂያና የስንብት ነጥብ፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያና የሥርዓተ ፆታ ቢሮው የት እንደሚገኝ፣ በመንገድ ችግር ለዘገየ ተማሪ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ይስፈርበት።

ሁለተኛ፣ ለየአካባቢው ቅርብ የሆነው ዩኒቨርሲቲ የትም ለተመደበ የአካባቢው ልጅ የመረጃ ደጅ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፤ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎችም ሩቅ አይደሉም። ጅማ የተመደበች የወንበርማ ልጅ ቡሬ ወርዳ የምትጠይቀው ሰው ብታገኝ፣ ለተቋማቱ ትንሽ ሥራ ለእርሷ ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አሥር አዲስ ገቢ አንድ ነባር ተማሪ በስም ይመደብ፤ ከመናኸሪያ ከመቀበል ጀምሮ እስከ መጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ አብሯቸው ይቆይ። በተለይም ከመጀመሪያው ፈተና ማግስት አንድ በአንድ ያነጋግራቸው፤ ልጁ ለመቅረት የሚያስበው ያን ጊዜ ነውና።

አራተኛው የእኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ ነው። በምዝገባ ቀን እያንዳንዱ አዲስ ገቢ ስሙን ሳይጽፍ አንድ ጥያቄ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ቢደረግ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው አካባቢ እንደሚመጣ የሚያሳይ መረጃ ይኖረናል። አስነጋሪ የተመደበላቸውንና ያልተመደበላቸውን የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤት ማነጻጸርም ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ውጤቱ እዚህ የተነገረውን የሚያፈርስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከግምት ወደ ዕውቀት አንድ እርምጃ ነው።

ከእንግዲህ ወዲህ በየቀበሌው በቂ የግቢ ተማሪ ኖሮ የቀድሞው ሰንሰለት በራሱ ጊዜ እስኪቀጠል መጠበቅ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለችውን ልጅ መተው ነው። የሚቀጥለው ጥሪ ከአንሶላውና ከብርድ ልብሱ ዝርዝር በታች አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ይጨምርበት፤ በሌላው ጫፍ የሚያነሳም ሰው ይኑር።